የጠፋችው ካቻቢቴና የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰኔ 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ይህን ደብተር የሸለመችኝ የማታ ትምህርት መምህሬ ሕይወት ናት። ከሠላሳ አንድ ጎልማሳ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ሽመክት ይኸነው ነኝ። ባለቤቴ ዘውድነሽ አንደኛ እኔ ነኝ ትላለች። ደብተሩ የእኔ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አንደኛው እኔ ነኝ።

መምህርት ሕይወት «በየቀኑ ጻፉ፤ ያልተጻፈ ፊደል ያልታሰረ በቅሎ ነው» ብላናለች። እንግዲህ ልጻፍ። የጋሪ ሐኪም ነኝ። ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ የሚሽከረከር ጋሪ ሁሉ አንድ ቀን በእጄ አልፏል። ልጄ ሰርክአዲስ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ትንንሽ አውሮፕላን የሚያበር የግል ኩባንያ ውስጥ መካኒክ ናት። እኔ ጋሪ፣ እሷ አውሮፕላን። የእኔ ይጎተታል፣ የእሷ ይበራል፤ ሌላው አንድ ነው። ሙያው ከእኔ የወረደ ለመሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሰኔ 19

ሰርክአዲስ መጣች! ሳትደውል። በሁለት ትልልቅ ሻንጣ።

«ለዕረፍት ሁለት ሻንጣ?» አለች ዘውድነሽ። «የአዲስ አበባ ሰው ልብስ ያበዛል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ዘውድነሽ ዝም ስትል አልወድም።

መናኸሪያው ጋ ባለጋሪው አስማረ ያዘኝ። «ሽመክት፣ ልጅህን በክረምት ምን አመጣት?»

«ያልዳነ አውሮፕላን ጠፋ። የሚጠገን እስኪገኝ ዕረፊ አሏት።»

«ታዲያ ላንተም ዕረፍት ይስጡህ። የእኔ ጋሪ ካንተ ቤት ከወጣ ወዲህ እንደ ወላድ ድመት ይጮኻል።»

ቅናት ነው።

ሰኔ 23

ዝናብ። ሦስት ጋሪ። አንዱ ከነፈረሱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሄጄ አወጣሁት። ደክሞኛል። ሰርክዬ እራት አልበላችም።

ሰኔ 26

ዛሬም አልበላችም። «ሆዴን» ትላለች። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ያለው ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ በዝናብ ትቆማለች። ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ አትደውልም። ስልኩን ታየዋለች ብቻ። ሥራ ናፍቋት ነው። እኔም ሁለት ቀን መዶሻ ካልጨበጥሁ እጄን ይበላኛል።

ለጎረቤቶች የዋና ኃላፊነት ሹመት እየጠበቀች ነው አልኳቸው። በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ዞራ ገባች።

ሐምሌ 1

የሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሥዕል ተሣለ። ሰርክዬ መዶሻዬን፣ ፒንሳዬን፣ የብሎን ቁልፎቼን፣ ያረጀ መሮዬን ሳይቀር ግድግዳው ላይ አስደግፋ በከሰል ዙሪያቸውን ሠራችና ከላይ ምስማር መታች።

«ምንድነው ይሄ?»

«እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው፣ አባዬ። ስትጨርስ ትመልሰዋለህ። አንዱ ቦታ ባዶ ከሆነ የሠራኸው ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ለምን?»

«ውስጡ ረስተኸው ሊሆን ይችላላ። እኛ ጋ አንዲት ቁልፍ ሞተር ውስጥ ቀርታ አውሮፕላኑ ከተነሳ…» አልጨረሰችውም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ዕቃዬን መሬት ላይ በትኜ ሠርቻለሁ፤ የት እንዳለ እግሬ ያውቀዋል። አስማረ ግድግዳውን አይቶ «ቤተ ክርስቲያን ልታሳንጹ ነው?» አለ። ደንበኛ ሁሉ እየገባ የመዶሻዬን ሥዕል ይሳለማል። ሳቅሁ። እሷም ትንሽ ፈገግ አለች መሰለኝ። ምናልባት መስሎኝ ነው።

ሐምሌ 5

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ገበያ ነው። አስማረ አምስት ጆንያ ድንች ይጭናል፤ ጠዋት ጎማው ይጮኻል ብሎ መጣ። ፈታሁት፤ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ አጠብኩ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ መልሼ ገጠምሁ። አስማረ ፈረሱን ጠመደ፤ ሊወጣ ነው። ሰርክዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ፒንሳው የለም» አለች። ዞር ብዬ ባይ እውነትም ግድግዳው ላይ የፒንሳው ቦታ ባዶ ነው።

«ይገኛል፤ ይሂድ» አልኩ።

«ጋሪው አይወጣም።»

አስማረ ሳቀ። «ልጄ፣ ጋሪ ነው እኮ! ቢወድቅ የሚወድቀው መሬት ላይ!»

«አይወጣም ጋሼ አስማረ።»

ሰው ተሰበሰበ። ይሄ ሁሉ ጆንያ መንገድ ዳር ይጠብቃል፣ ዝናቡ ጠቁሯል። እሷ ጎማውን መልሳ መፍታት ጀመረች። እኔ አፈርሁ። በሰው ፊት አፈርሁና «አለቃሽንም ያሰለቸሽው በዚህ ሳይሆን አይቀርም!» አልኳት።

ቀልድ ነበር።

እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ። ከዚያ መፍታቷን ቀጠለች። ጎማውን አውጥታ ውስጡን በባትሪ አየች፤ የለም። ኋላ አስማረ ራሱ ከመቀመጫው ሥር ካለው የገለባ ከረጢት ፒንሳውን አወጣ። የፈረሱን ልጓም ሽቦ ላጠብቅ ብሎ ሳያስፈቅድ አንስቶት ኖሮ! ሰው ሁሉ በአስማረ ሳቀ። እሱም «እንዲህ ያለች ፖሊስ ለዳንግላ ታስፈልጋለች» እያለ ሄደ።

እሷ አልሳቀችም። ዕቃውን ቦታው ላይ ሰቅላ፣ ግድግዳውን አየት አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

ቀልድ ነበር እኮ። ሰው ቀልድ አያውቅም እንዴ?

ሐምሌ 6

ዘውድነሽ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ አስቁማ ነገረችኝ። ሰርክዬ ከመጣች ጀምሮ እሷ ታውቅ ኖሯል። ለእኔ ያልተነገረኝ «ነገ መናኸሪያ ላይ ይሰማል» ተብሎ ነው። ይሄ ስም ማጥፋት ነው። ግን ይለፍ።

ሰርክዬ ዕረፍት ላይ አይደለችም። ታግዳ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ሞተር ጠግነው ሲጨርሱ ዕቃውን ብትቆጥር አንዲት ካቻቢቴ የለችም። ማን እንዳነሳት መዝገቡ ላይ አልተጻፈም። የፈረቃ አለቃዋ አቶ ዓለምነው «ተሳፋሪ ቆሟል፤ ሁሉም ተሟልቷል ብለሽ ፈርሚ» አላት። ያላየሁትን አልፈርምም አለች። አውሮፕላኑ ቀኑን ሙሉ ተገትሮ ዋለ። ሞተሩን እንደገና ፈትተው አዩ፤ የለችም። ሌላም ቦታ አልተገኘችም። አቶ ዓለምነውም «ራሷ ጣለቻት፣ ራሷ ጮኸች፤ ለባከነው ቀን ተጠያቂዋ እሷ ናት» ብሎ ጻፈባት። ሰርክዬ «እጄ አልገባችም» ትላለች። አሁን አጣሪ ኮሚቴ ነገሩን እያየ ነው። ጥፋተኛ ከተባለች ሥራውም የሙያ ፈቃዱም ይሄዳል። ስድስት ዓመት የለፋችበት።

ትናንት ያልኳት ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። እንደ አስማረ ጋሪ።

ሐምሌ 9

መላ አግኝቻለሁ! እኔ ከሌለሁ ይህች ቤት ምን ይውጣት?

እነዚህ የአዲስ አበባ ሰዎች የጨከኑት ሽማግሌ ስላልተላከባቸው ነው። እዚህ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር በሽማግሌ ይበርዳል፤ አንዲት ካቻቢቴ ምንድን ናት? አያ ክንዴና አያ እንየው ይሄዱልኛል። አያ ክንዴ ያላስታረቁት ባልና ሚስት ከኮሰበር እስከ ዳንግላ የለም። ነገር ሲከርባቸው በአገውኛ፣ ሲለሰልስላቸው በአማርኛ ያስታርቃሉ።

ለሰርክዬ አልነገርኳትም። ሽምግልና ባለጉዳዩን አይጠይቅም። አጥፍታለች አላጠፋችም የሚለው ኋላ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ «አጥፍተናል» ተብሎ ይገባል፤ ያኔ ሰውየው ይለዝባል። ደንቡ ይሄው ነው።

ደብዳቤውን በራሴ እጅ ጻፍሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ አቶ ዓለምነው። ሰላምታዬ እንደ ዓባይ ምንጭ ሳይደርቅ ይድረስዎ። ልጃችን ሰርክአዲስ አጥፍታለች። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይለምናል። ካቻቢቴዋን ስለ ጣለች እኛ በዐሥር እንክሳለን። ይቅር በሏት። ሙያዋን አይጠራጠሩ፤ ከእኔ የተማረች ናት። እኔም አንድ ቀን አውሮፕላናችሁን ባየው የሚጮኸውን ነገር አገኝላችኋለሁ።»

ከሥሩ እኔ ፈረምሁ፣ አያ እንየው ፈረሙ፣ አያ ክንዴ ጣታቸውን አተሙ። ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው!

ሐምሌ 13

ሽማግሌዎቹ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። አያ ክንዴ ድንጋይ ይዘዋል። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ሳይሸከም አይቆምም» አሉ። «አያ፣ አዲስ አበባ ድንጋይ ይጠፋል ብለው ነው?» ብላቸው «የሰው አገር ድንጋይ አላምንም» አሉኝ።

ዘውድነሽ የት ሄዱ አለች። ለቅሶ አልኳት።

ሐምሌ 18

ተመለሱ! በሰላም! በክብር! አያ ክንዴ የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው።

«በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ጥበቃው ጋቢዬን ገለጥ አድርጎ ‹ምንድነው ይሄ፣ አባቴ?› አለኝ። ‹ይቅርታ ነው› አልሁት። ‹ይቅርታ በዚህ በር አይገባም፤ እዚያ ያስቀምጡት› አለ። ቁጥር ያለው ወረቀት ለጠፈበት። ስንወጣ ቁጥሩን አይቶ መለሰልን። እንዲህ ያለ ሥርዓት! ድንጋይ እንኳ አይጠፋባቸውም።»

«ሰውየውስ?»

«ጨዋ ሰው። ተነሥቶ ተቀበለን፣ ሻይ አስመጣልን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ደስ አለው እኮ! ‹ይሄን አባትየው ናቸው የጻፉት? በእጃቸው?› አለ። አዎን አልነው። ‹እሷስ ታውቃለች?› አለን። የእሷ ጉዳይ ሆኖ እንዴት አታውቅ አልነው። ኮፒ አስደርጎ ማኅተም መታበት።»

ማኅተም! የእኔ ጽሕፈት ላይ!

ለእያንዳንዳቸው እጅ ነሳሁ። የምሥራቹ ሲመጣ ለሰርክዬም ለዘውድነሽም አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 24

ምንም አልመጣም። ኔትወርክ ሞቷል። ሁለት ጋሪ ሠራሁ። ዕቃዬን ቆጥሬ ሰቀልሁ፤ ሰርክዬን ለማስደሰት ነው እንጂ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም።

ሐምሌ 27

ሥራ ላይ ነበርሁ። ሰርክዬ ስልኳን ይዛ ከባሕር ዛፉ ሥር መጣች። ዝናቡ ፀጉሯ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ልከሃል?»

«ልኬአለሁ! እንዴት አድርገው ተቀበሏቸው መሰለሽ፣ ሻይ…»

«ካቻቢቴዋን ጥላለች ብለህ ጽፈሃል?»

«ደንቡ ነው ልጄ። አጥፍተናል ተብሎ ነው የሚገባ። አጥፍተሻል ማለት አይደለም።»

«እዚያ ግን እንዲያ ማለት ነው። ወረቀትህ የምርመራ መዝገቤ ውስጥ ገብቷል። አቶ ዓለምነው ‹ቤተሰቧ ሳይቀር አምኗል፣ እሷም ታውቃለች› ብሎ ለኮሚቴው ሰጥቷል።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጣልሽ ብለህ የጻፍኸው ስትጥል አይተኸኛል? ጠይቀኸኛል? አንድ ቀን እንኳ፣ አባዬ፣ ምን ሆነሽ መጣሽ ብለኸኛል?»

እጄ ላይ መዶሻ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ዘውድነሽ በሩ ላይ ሆና «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለች። እኔ ነኝ ያልተጠራሁት።

ሐምሌ 28

አልሠራሁም።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገብቷል። ቤቱ ውስጥ ሦስታችንም እንጾማለን፤ እኔ ግን ወሬም ጾሜአለሁ። መናኸሪያ አልሄድሁም። አስማረ መጥቶ «ዋና ኃላፊዋ ተሾመች?» አለ። ነገር አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ። ራሴ የዘራሁትን ነው ያጨድሁት።

ጠይቀኸኛል ወይ አለችኝ። አስባለሁ፤ መጣች ተብሎ ሲነገረኝ ደስ አለኝ፤ ለሰው የምነግረው አገኘሁ ብዬ። ሻንጣዎቹን አየሁ። ሁለት መሆናቸውንም ጻፍሁት። መጠየቅ ግን ፈራሁ። መልሱን ካወቅሁት መናኸሪያ ላይ የማወራው ያልቅብኛላ።

ይህንን ዘውድነሽ እንዳታነብ።

ነሐሴ 5

አንብባዋለች። ሰኔ 14 ቀን ከጻፍሁት ጎን በእርሳስ «ውሸት፤ አንደኛ እኔ ነኝ» ብላ ጽፋለች። ነሐሴ 2 ጎን ግን ምንም አልጻፈችም። ማታ ሳትቆጣኝ ሽሮ አቀረበችልኝ።

ነሐሴ 8

ኮሚቴው ሰርክዬን ለነሐሴ 19 ጠርቷታል። ዛሬ ራሷ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ» አለች። «ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም፤ ጥፋተኛ መሆኗንም አላውቅም በል። ሌላ ነገር አትጨምር።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኳት።

ነሐሴ 10

ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ወደ መምህርት ሕይወት ቤት ይዤው ሄድሁ። አነበበችው። «አያ ሽመክት፣ ይሄ ደብዳቤ ስለማን ነው?» አለችኝ።

«ስለ ልጄ።»

«ልጅዎ የት ገባች ታዲያ? እዚህ ሠላሳ ዓመት ጋሪ መሥራትዎ አለ፣ በትምህርት አንደኛ መውጣትዎ አለ፣ አያትዎ ፈረሰኛ እንደነበሩ አለ።»

«ማን መሆኔን ካላወቁ እንዴት ያምኑኛል?»

«አላውቅም የሚል ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋቸውም» አለች። ይህች ልጅ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መንግሥት እዚህ ማስቀመጡ ያሳዝናል።

ነሐሴ 11

ሁለተኛው፦ አንድ ገጽ። «ስለ አውሮፕላን ብዙ ባላውቅም» ይላል። ዘውድነሽ «ብዙ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ስንት ታውቃለህ?» አለች። ቀደድሁት።

ሦስተኛው፦ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል። ምን እንደሚታወቅ ጠፋኝ። ቀደድሁት።

አያ ክንዴ መጡ። ነገሩን ነገርኳቸው። መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። «ስልሳ ዓመት ሳስታርቅ፣ ያላጠፋን ሰው ይቅርታ የሚጎዳበት አገር አለ ብሎ የነገረኝ የለም» አሉ። ቀጥለውም «እኔም አላውቅም በልልኝ። ጣቴን አትምበታለሁ» አሉ።

እኒያ ሰው አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አልሞቱም። ሻይ ጠጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነሐሴ 12

ጻፍሁት።

«ለአጣሪ ኮሚቴው። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። ልጄ አላወቀችም። ካቻቢቴ ጣለች ብዬ የጻፍሁት ሳላይና ሳልጠይቃት ነው። እሷ ጣልሁ ብላኝ አታውቅም። ስለ አውሮፕላን ምንም አላውቅም። ሽመክት ይኸነው።»

አምስት መስመር ነው፤ ከሥሩ አያ ክንዴም ጣታቸውን አተሙ። አምስት ጆንያ ድንች ተሸክሜ ከገበያ እስከ ቤቴ ብሄድ እንዲህ አልደክምም ነበር።

ለሰርክዬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። «ምንም?» አለችኝ፤ «ምንም አላውቅም የሚለውን እዚህ እንድትጽፍ እኮ አልነገርሁህም።»

«ያው እውነት ነው።»

«እንደሚበር ታውቃለህ።»

«እሱንማ ሁሉም ያያል። እንዴት እንደሚበር ግን… እንዴት ነው ግን የሚበረው?»

እስኪመሽ ነገረችኝ። ክንፉን በእጇ፣ ነፋሱን በነጠላዋ እያሳየች። ግማሹ አልገባኝም። ያልገባኝን አልገባኝም አልኳት። እንደገና ነገረችኝ። እራት ስንበላ እሷም በላች።

ነሐሴ 17

በአውቶቡስ ሄደች። አንድ ሻንጣ ይዛ፣ አንዱን ትታ። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ እናቷም አታውቅም።

ነሐሴ 20

አልደወለችም። ወይም ኔትወርክ የለም። ባሕር ዛፉ ሥር እኔ ቆሜ ዋልሁ።

ነሐሴ 21

ዝናብ። እዚያው ዛፍ ሥር።

ነሐሴ 23

ደወለች!

«አባዬ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

ዘውድነሽ እልል አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ካቻቢቴዋን ማን እንዳነሳት አልታወቀም። ኮሚቴው ግን ጥፋተኛ አይደለችም ብሏል፤ ያላየችውን አለመፈረሟም ትክክል ነው ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ከመዝገቡ እንዲወጣ ሆኗል። ማኅተሙም አብሮ ወጣ።

«ሁለተኛውን አነበቡት?» አልኳት።

«ሰብሳቢዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ሌላ አለ ወይ ብላ አየች። ከዚያ ‹አባትሽ ቁጥብ ሰው ናቸው መሰለኝ› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አዎ፣ ብዙ አይናገርም አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ አባዬ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸሁት ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ነው።»

ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ሳቀች፤ ከተቆረጠ በኋላም ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድሁትም።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ወጣሁ። አስማረ ጋሪው ላይ ሆኖ አየኝ።

«ሽመክት! ልጅህስ?»

«ሰኞ ሥራ ትገባለች።»

የሚቀጥለውን ሊሰማ ፈረሱን ያዝ አደረገ። ጠበቀ። እኔም ዝም አልሁ።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

ከጋሪው ወረደና በእጁ ጀርባ ግንባሬን ነካ። «ወባ ይሆናል» አለ፤ «ና ውጣ፣ ቤትህ ላድርስህ።»